ለትንሽ ውሻ ኮላር ስትመርጡ ከቀለሙ በፊት ዘለበቱን እዩ

ጠጠር 3 ኪሎ እንኳ አትሞላም። ስሟም የወጣላት ከዚሁ ነው። የመጀመሪያ ኮላሯን የመረጥኩላት በዓይኔ ብቻ ነበር። ቀይ ቆዳ፣ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ጌጥ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ትንሽ ቃጭል። ሳስርላት አንገቷን ደፍታ ቆመች። ቤተሰቡ ሁሉ "አፈረች!" ብሎ ሳቀ። በአራተኛው ቀን ሳወልቅላት ከጆሮዋ ሥር ያለው ጸጉር ተቋጥሯል፤ ከሥሩ ያለው ቆዳም ቀልቷል። ነገሩ ሲከነክነኝ ኮላሩን ወስጄ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 90 ግራም አለ።

90 ግራም ለእኛ ምንም አይደለም። ለእሷ ግን ከክብደቷ ከመቶ 3 እጅ በላይ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2 ኪሎ የሚጠጋ ነገር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከጠዋት እስከ ማታ ዋለ እንደማለት። ለካ አላፈረችም፤ ከብዷት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ኮላር ገዝቼ ብዙ ጥያለሁ። አሁን አንድ ሰው "ለትንሽ ውሻ የቱ ይሻላል?" ሲለኝ ስለ ቆዳና ናይለን ከማውራቴ በፊት መልሼ እጠይቀዋለሁ። ኮላሩን ለምን ፈለግከው?

ኮላር ወይስ የደረት ማሰሪያ?

ኮላር ሁለት ሥራ ይጠበቅበታል። አንዱ ስልክ ቁጥር መያዝ ነው፤ ውሻው ቢጠፋ ያገኘው ሰው እንዲደውል። ሌላው ገመድ መያዝ ነው። ትልቅ ውሻ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ቢሠራ ብዙ ላያስቸግር ይችላል። ትንሽ ውሻ ላይ ግን ሥራውን ማከፋፈል ይሻላል። ኮላሩ ቁጥሩን ይያዝ፤ ገመዱን ደግሞ ብዙዎች ሃርነስ የሚሉት የደረት ማሰሪያ ይያዝ። ከዚህ በታች የምላችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ምክንያቱ ያለው አንገቱ ውስጥ ነው። የውሻ የአየር ቧንቧ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ሙሉ በሙሉ ባልተገጠሙ ቀለበቶች ነው። ቀለበቶቹ አጥንት አይደሉም። እንደ ጆሯችን ቅርጻቸውን የሚይዙ፣ ሲጫኗቸው ግን የሚተጣጠፉ ናቸው። በትንንሽ ዝርያዎች፣ በተለይ በዮርክሻየር ቴሪየር፣ በፖሜራኒያን፣ በቺዋዋ፣ በማልቲዝና በቶይ ፑድል ላይ እነዚህ ቀለበቶች እየላሉ ይሄዱና ቧንቧው ይጠፈጠፋል። ምልክቱ የዝይ ጩኸት የሚመስል ደረቅ ሳል ነው። ውሻው ሲደሰት፣ ውኃ ሲጠጣ ወይም ገመዱ ሲሳብ ይብስበታል። በሽታውን ኮላር ብቻውን ያመጣዋል ማለቴ አይደለም። ድክመቱ ብዙውን ጊዜ አብሮት የተወለደ ነው። ግን የላላ ቧንቧ ላይ መጫን ሳሉን ይቀሰቅሰዋል። ውሻችሁ እንዲህ የሚያስል ከሆነ ኮላር ማማረጡን ተዉትና በቅድሚያ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

የዓይንም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ውሾች አንድ ጊዜ በኮላር፣ አንድ ጊዜ በደረት ማሰሪያ ሆነው ሲስቡ የዓይናቸውን የውስጥ ግፊት ለክቶ ነበር። በኮላሩ ሲስቡ ግፊቱ ከፍ አለ። በደረት ማሰሪያው ግን አልጨመረም። እንደ ፐግና ሺትዙ ዓይናቸው ወጣ ላለ፣ ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት በሽታ ላለባቸው ውሾች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ተመራማሪዎች የውሻ አንገት እንዲመስል በተሠራ ሞዴል ላይ የተለያዩ ኮላሮችን እየሳቡ ጫናውን ለኩ። ውሻው ቢስብ ወይም ገመዱ ድንገት ቢነጠቅ አንገቱን አይጎዳም ተብሎ የሚታለፍ ኮላር አንድም አላገኙም። ስለዚህ ሻጩ "ይሄ እኮ ገበር አለው፣ ቢስብም ምንም አይሆንም" ሲላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

የደረት ማሰሪያም የራሱ ጣጣ አለው። ብብቱ ሥር ከተጠጋ ይፈገፍጋል። ከትከሻው ፊት ለፊት ተጋድሞ የሚያልፈው ዓይነት የፊት እግሮችን እርምጃ ሊያሳጥር ይችላል። እኔ የምመርጠው እንደ ባላ ከደረቱ ተነስቶ በአንገቱ ግራና ቀኝ የሚከፈለውን ነው። ቤት ሲገባም ይወልቃል፤ ቀኑን ሙሉ ለብሶት እንዲውል አይደለም። መሳቡን ደግሞ ማሰሪያው አያስተወውም። መሳብ የሚቀረው በልምምድ ነው።

"የእኔ ውሻ እኮ አይስብም፣ ገመዱ ላልቶ ነው የሚሄደው" የሚል አለ። ጥሩ ነው። የማያስል፣ አጠገባችሁ ተረጋግቶ የሚሄድ ከሆነ በጠፍጣፋ ኮላር መውጣት ይችላል። እኔ ግን እነዚህ ትንንሾች ድመት ሲያዩ የሚሆኑትን ስለማውቅ አላደርገውም።

ዘለበቱ

ኮላሩ የቁጥር ተሸካሚ ነው ካልን ምርጫው ይቀላል። ጠንካራ መሆን የለበትም። እንዲያውም አንዳንዴ ቶሎ መላቀቁ ነው የሚፈለገው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጨርቁን ይዳብሳል። የውሻው ደህንነት ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘለበቱ ላይ ነው።

በጣም የተለመደው ግራና ቀኙን ጫን ሲሉት የሚከፈተው የፕላስቲክ ዘለበት ነው። ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይከፈታል፣ ርዝመቱም እንደልብ ይስተካከላል። ደካማው ጎኑ ጥርሱ ነው። ርካሽ ፕላስቲክ በፀሐይና በብርድ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስትገዙ አሥር ጊዜ ያህል ክፈቱት፣ ዝጉት። ሲገባ "ቀጭ" የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰማችሁ አትውሰዱት። የተጠማዘዘ ቅርጽ ያለውን ምረጡ። ጠፍጣፋው ትንሽ አንገት ላይ እንደ ሰሌዳ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ጉሮሮውን ይወጋዋል።

ሁለተኛው እንደ ሱሪ ቀበቶ በቀዳዳ የሚታሰረው የብረት ዘለበት ነው። ያምራል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፣ በራሱ አይከፈትም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፣ በራሱ አለመከፈቱ። ለመፍታት መጀመሪያ ጠበቅ ማድረግ ይጠይቃል። አንገቱ ለታነቀ ውሻ ጠበቅ የሚደረግበት ትርፍ ቦታ ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ ቀዳዳዎቹ የተራራቁ ናቸው። ለትልቅ ውሻ 2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ምንም አይደለም። ለቺዋዋ ግን አንዱ ቀዳዳ ያንቃል፣ ቀጣዩ በጭንቅላቱ ይወልቃል።

ሦስተኛው ለቤት ውስጥ የምመርጠው ነው። ስናስበው የሚገርም ይመስላል፤ ራሱን የሚፈታ ኮላር። መጠነኛ ኃይል ሲያርፍበት ዘለበቱ በራሱ ይላቀቃል። ለምን ያስፈልጋል? ሁለት ውሾች ሲላፉ አስቡ። ያንዱ የታች መንጋጋ በሌላው ኮላር ሥር ይገባል። ይደነግጥና ይገለበጣል። ኮላሩ ይጠመዘዛል። አንዱ ይታነቃል፣ ሌላው መንጋጋው ተይዞ ይጮኻል። እናንተ ደግሞ በሁለት የሚጯጯሁ ውሾች መሃል ዘለበት ትፈልጋላችሁ። እንዲህ ባለው ነገር ውሻ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ጠጠር ላይ የደረሰው ከዚህ ይቀልላል። አንድ ቀን ከሌላ ክፍል "ጧ" የሚል ድምፅ ሰማሁና ሮጥኩ። ኮላሩ የመሳቢያ እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል። እሷ ሶፋው ላይ ወጥታ ታየኛለች። ከመሳቢያው ሥር ኳሷን ስትፈልግ ተይዛ ኖሯል። ስትጎትት ተፈታላት፤ በቃ። ያን ዕለት በቀዳዳ የሚታሰረውን አድርጌላት ቢሆን ብዬ እስካሁን አስባለሁ።

የዚህ ኮላር ትልቁ ጥንቃቄ ገመድ ላይ ነው። አንዱ ቀለበት ላይ ገመድ ካሰራችሁበት ውሻው በሳበ ቁጥር ይፈታና መንገድ ላይ ያመልጣችኋል። አንዳንዶቹ ከዘለበቱ ግራና ቀኝ ሁለት ቀለበት አላቸው። ገመዱ ሁለቱንም አንድ ላይ ከያዘ ዘለበቱ አይላቀቅም። ግን መቸኮል የማይቀር ነገር ነው። በችኮላ ደግሞ አንዱን ብቻ ትይዛላችሁ። ገመዱን ለደረት ማሰሪያው ተዉለት።

ማርቲንጌል የሚባለውም አለ። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ቀለበት ተያይዘው የተሠሩበት ነው። ሲሳብ ትንሹ ቀለበት ትልቁን እስከ አንድ ልክ ብቻ ያጠበዋል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። የተሠራው ጭንቅላታቸው ከአንገታቸው ለሚቀጥን፣ ከኮላር እየሾለኩ ለሚያመልጡ ውሾች ነው። ኢጣሊያን ግሬይሃውንድ ካላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ለእነሱ ጥሩ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሲጠብ ከአንገቱ ልክ እንዳያንስ አድርጋችሁ ካስተካከላችሁት። ቤት ውስጥ ግን አይተውም፤ ትንሹ ቀለበት የማይያዝበት ነገር የለም። ለሌሎች ትንንሾች አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ጫማ ላይ እንዳለው ማሰሪያ ተለጥፎ የሚላቀቀው ቬልክሮ ለአራስ ቡችሎች መለያ ነው። ጸጉር ይይዛል፣ ሲቆይ መጣበቁን ያቆማል። ላስቲክ የገባበት የድመት ኮላር ደግሞ ለትንሽ ውሻ ሲገዛ አያለሁ። ላስቲኩ በጣም ተለጣጭ ከሆነ ውሻው የፊት እግሩን አሾልኮ ያስገባበትና ብብቱ ላይ ተይዞ ይቀራል። አይመከርም።

ስፋትና ክብደት

ጠባብ ኮላር ለትንሽ ውሻ የሚስማማ ይመስላል። በጣም ከቀጠነ ግን እንደ ሲባጎ ይቆርጣል። ሰፊው ጫናን ያሰራጫል፤ በጣም ከሰፋ ግን ውሻው አንገቱን ማጠፍ አይችልም። እስከ 4 ወይም 5 ኪሎ ላለው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ በላይ እስከ 10 ኪሎ ላለው 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ብትይዙ ብዙ አትሳሳቱም። አንገታቸው ረጅም ለሆነ ትንሽ ሰፋ ይበል። እንደ ፐግ አንገታቸው አጭር ለሆነ ግን ሰፊ ኮላር መንጋጋና ትከሻውን ያያይዘዋል።

ከቁጥር የሚሻል መፈተኛ አለኝ። ኮላሩን አስራችሁ ውኃ መጠጫውን መሬት ላይ አስቀምጡለትና ሲጠጣ ከጎኑ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ጎንበስ ሲል የኮላሩ የላይኛው ጠርዝ መንጋጋው ሥር ከገባ ሰፍቷል። ጠጥቶ ቀና ሲል ጆሮው ጋ ወጥቶ ከቀረ ላልቷል። አንገቱን ወደ ጎን ጠምዞ፣ አንድ ዓይኑን እናንተ ላይ አድርጎ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ የሆነ ነገር እየወጋው ነው።

ክብደቱን ስትመዝኑ ጨርቁን ብቻ አትመዝኑ። ዘለበቱ፣ ቀለበቱ፣ ስምና ቁጥር የሚጻፍበት ሳንቲም መሰል ብረት፣ ቃጭሉ ሁሉ ይቆጠራል። የእኔ መለኪያ ሁሉ ነገር ተደምሮ ከውሻው ክብደት ከመቶ 1 እጅ እንዳያልፍ ነው። ይህን ያነበብኩበት መጽሐፍ የለም፣ ከጠጠር ጋር ኖሬ የደረስኩበት ነው። 3 ኪሎ ለሆነ ውሻ 30 ግራም ማለት ነው። በዚህ ልክ ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ የሚሰናበተው ቃጭሉ ነው። የውሻ ጆሮ ከእኛ እጅግ የላቀ ነው። ከአገጩ ሥር ቀኑን ሙሉ የሚንጫጫ ነገር ማሰር ምን ይባላል?

የሚንጠለጠለው የብረት ሳንቲምም ለትንሽ ውሻ አይመችም። ከምግብ ሳህኑ ጋር ይጋጫል፣ በማደሪያው ሽቦ መሃል ይሰነቀራል። ከቻላችሁ ስልክ ቁጥሩን ኮላሩ ላይ አስጠልፉት፤ ወይም ኮላሩ ላይ ተኝቶ የሚቀመጥ ቀጭን ሳህን ላይ አስቀርጹት። ቦታ ካነሰ የውሻው ስም ይቅርና ቁጥሩ ይግባ። ያገኘው ሰው ስሙን ሳያውቅ ሊደውልላችሁ ይችላል። ከቆዳው ሥር የሚቀበረው፣ መለያ ቁጥር የያዘው፣ የሩዝ ፍሬ የሚያክለው ማይክሮቺፕ ጥሩ ነገር ነው። ግን ለማንበብ ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ብቻ ነው።

ከምን የተሠራ?

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ይጨነቃል። እኔ ብዙም አልጨነቅም። ናይለን ቀላልና ጠንካራ ነው፣ ይታጠባል። ጠርዙ ግን እንደ መጋዝ ሊሆን ይችላል። ስትገዙ ጠርዙን በክንዳችሁ የውስጥ ገጽ ላይ ጥቂት ጊዜ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። እናንተን ካሳከካችሁ እሱንም ያሳክከዋል። ጥጥ ለስላሳ ነው፤ ሲረጥብ ግን ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥብ ኮላር ደግሞ ቆዳን ያቆስላል። ጥሩ ቆዳ ሲለመድ የአንገቱን ቅርጽ ይይዛል። ውኃ ነክቶት በፀሐይ ከደረቀ ግን እንጨት ይሆናል። ላዩ በፕላስቲክ የተለበጠ ማሰሪያም አለ። ውኃ አይገባውም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ አይሸትም። ውኃና ጭቃ ለሚወድ ውሻ ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ብቻ ወፍራሙ ደረቅ ስለሚል ቀጭኑን ፈልጉ።

ጸጉረ ረጅም ለሆኑት ለዮርኪ፣ ለማልቲዝ፣ ለፖሜራኒያን ዋናው ጠላት መቋጠር ነው። ጠፍጣፋ ኮላር ጸጉሩን እየፈተገ ይቋጥረዋል። ለእነሱ እንደ ገመድ ድቡልቡል ሆኖ የተሰፋ የቆዳ ኮላር ይሻላል፤ ጸጉሩን ሳይፈትግ በመሃሉ ይገባል። ግን ድቡልቡሉ ጫናውን ቀጭን መስመር ላይ ስለሚያሳርፍ ገመድ አይታሰርበትም። ጸጉረ አጭር ለሆኑትና ቆዳቸው ስስ ለሆነው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ጠፍጣፋና ገበሩ ለስላሳ የሆነ።

አንድ ነገር ልጨምር። ነጭ ውሻ ካላችሁ አዲስ ቀይ ወይም ጥቁር ኮላር ከማሰራችሁ በፊት ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ እሹት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ውሻችሁም ይይዛል። የጎረቤቴ ማልቲዝ አንድ ወር ሙሉ ሐምራዊ አንገት ይዞ ዞሯል።

ልኩ

የውሻ ኮላር ላይ "ትንሽ" እና "መካከለኛ" የሚለውን ጽሑፍ አትመኑ። ያንዱ ፋብሪካ ትንሽ የሌላው መካከለኛ ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። ሜትር ከሌለ በክር ለክታችሁ ክሩን ማስመሪያ ላይ ዘርጉት። የሚለካው ኮላሩ የሚያርፍበት ቦታ፣ የአንገቱ ታችኛው ክፍል ነው። ውሻው ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይለካም። ቁጥሩ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጨምሩ። የተገኘው ልክ ኮላሩ ከሚጠብበትና ከሚሰፋበት መሃል ላይ እንዲወድቅ ምረጡ። መጨረሻው ቀዳዳ ላይ የሚታሰር ኮላር አይገዛም።

ብዙ ቦታ "ሁለት ጣት ይግባ" ይባላል። ለመካከለኛና ለትልቅ ውሻ ልክ ነው። ለትንሽ ውሻ ግን የማን ጣት? የእኔ ሁለት ጣት ጠጠር አንገት ላይ ሲገባ ኮላሩ ጆሮዋን አልፎ ይወጣል። ለእነዚህ አንድ ጣት በቂ ነው። ሌባ ጣታችሁ ጠፍጠፍ ብሎ ሳይታገል ይግባ። በጣም ትንሽ ከሆነች ትንሿ ጣት።

ከዚያ ሁለተኛው ፈተና ይመጣል። ከፊት ለፊቱ ተንበርከኩ። ኮላሩን በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ፣ ወደ ጆሮው ሳቡት። ጆሮውን አልፎ ከወጣ ልክ አይደለም። ውሻ ኮላር የሚያመልጠው ወደፊት እየሳበ አይደለም። ቆም ብሎ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ወደኋላ ሲያፈገፍግ ነው። የሚያመልጠው ደግሞ ሲደነግጥ ነው፤ የደነገጠ ውሻ ወዴት እንደሚሮጥ አይታወቅም። ጠበቅ ስታደርጉት ጣት የማይገባ፣ ላላ ስታደርጉት የሚወልቅ ከሆነ ውሻችሁ የማርቲንጌል ወይም የደረት ማሰሪያ ሰው ነው።

ልክ አንድ ጊዜ ተወስዶ አያበቃም። ቡችላ ከሆነ በየሳምንቱ ጣት አስገቡ። ቡችላ ሲያድግ ኮላሩ አብሮ አያድግም፤ ጸጉሩ ስለሚሸፍነው ደግሞ መጥበቁ አይታይም። ለቡችላ ውድ ነገር አትግዙ፣ ርዝመቱ የሚስተካከል ቀላል ናይለን ይበቃዋል። ጸጉሩን ከተላጨ በኋላም እንደገና ለኩ። ጠጠር ጸጉሯን ተቆርጣ ስትመጣ ኮላሯ የሐብል ያህል ይንጠለጠልባታል።

የማይነኩ

ሲሳብ እየጠበቀ የሚሄድ፣ ማቆሚያ የሌለው ሰንሰለት፣ ወደ ውስጥ ጥርስ ያለው የብረት ኮላር፣ በኤሌክትሪክ የሚነዝረው። ለትንሽ ውሻ እነዚህን ማወዳደር አያስፈልግም። ከላይ ስለ አየር ቧንቧው ያልኩት ይበቃል። ነዛሪውን ዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በሕግ ከልክላዋለች።

የቁንጫና የመዥገር መከላከያ ኮላር ሌላ ነገር ነው። ስሙ ኮላር ይሁን እንጂ መድኃኒት ነው። ገመድ አይታሰርበትም፣ ስልክ ቁጥር አይጻፍበትም። ማሸጊያው ላይ ዕድሜና ክብደት ተጽፏል፤ ለትልቅ ውሻ የተሠራውን አሳጥራችሁ ለትንሽ አታድርጉ። ትርፉን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ካልሆነ ያኝከዋል። ቤት ውስጥ ድመት ካለ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ፤ ለውሻ ደህና የሆኑ አንዳንድ የቁንጫ መድኃኒቶች ድመትን ይመርዛሉ።

ካሰራችሁት በኋላ

አዲስ ኮላር ሲታሰርለት መጀመሪያ መፎከቱ አይቀርም። ምግቡን ሊበላ ሲል እሰሩለት፣ ወይም ኳስ ወርውሩለት፣ ይረሳዋል። በአንድ ሁለት ቀን ካልተወው፣ መሬት ላይ እየተንከባለለ የሚፈገፍግ ከሆነ፣ ግትርነት ነው ብላችሁ አትለፉት። አውልቃችሁ ጸጉሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ ቆዳውን እዩ። መቅላት፣ ሽፍታ፣ የተመለጠ ቦታ ካለ ኮላሩ ልኩ አይደለም፤ ወይም ብረቱ ወይም ቀለሙ አልተስማማውም።

ማታ ማታ አወልቃለሁ። ቆዳው ይተነፍሳል፣ እኔም ጣቴን በጸጉሯ ውስጥ አሳልፌ ቋጠሮ ካለ እፈታለሁ። በሽቦ ማደሪያ ውስጥ ስትገባም ያለ ኮላር ነው። "ሌሊት ቢያመልጥስ?" ለሚል፣ ያ ራሱን የሚፈታው ዓይነት ቢታሰር አልከራከርም።

ስታጥቡት አጋጣሚውን ተጠቀሙበትና ስፌቱን እዩት። ቀለበቱ የተሰፋበት ቦታ ላይ ክር ከወጣ ጊዜው ደርሷል። የፕላስቲክ ዘለበቱ ጥርስ ሥሩ ላይ ነጣ ያለ መስመር ካሳየ መሰንጠቅ ጀምሯል ማለት ነው። ቀለበቱ ሙሉ ሳይሆን ጫፍና ጫፉ የተገጠመ ከሆነ ክፍተቱ መስፋቱን ተመልከቱ።

ጠጠር አሁን ያላት 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሲያዝ የሚላቀቅ ቀላል ናይለን ነው። ቁጥሬ በነጭ ክር ተጠልፎበታል። ሁሉ ነገር ተደምሮ 14 ግራም ነው። ስንወጣ ገመዱ የሚታሰረው ደረቷ ላይ ነው። ቀዩ ኮላር አልተጣለም፤ የልጄ አሻንጉሊት ድብ አንገት ላይ ነው። ቃጭሉን ግን ነቅለነዋል። በተንጫጫ ቁጥር ጠጠር ድቡን ትነክሰው ነበር።